ለሽምግልና ሄደን ቤት ገዢ የሆንንበት እሑድ

ቲቡርቲና፣ ሊነጋጋ ሲል

ጣቢያው ስደርስ ጋሽ መኮንን ቀድመውኛል። ጥቁር ሙሉ ልብስ፣ ክራቫት፣ በላዩ ላይ ነጠላ። ጫማቸው ፊት ያሳያል። አጠገባቸው ጋሽ ጆቫኒ ግራጫ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው የባሩን መከፈት ይጠብቃሉ። ጋሽ መኮንን የደብረ ብርሃን ሰው ናቸው፤ እዚህ ሮማ የአንድ ትልቅ ሕንፃ በር ጠባቂ ሆነው ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ጋሽ ጆቫኒ አባታቸው ጣሊያናዊ፣ እናታቸው ኤርትራዊት፣ አስመራ ተወልደው አዲስ አበባ ያደጉ ካቶሊክ ናቸው። ሁለቱ በሃይማኖት ጉዳይ ተስማምተው አያውቁም፤ ተለያይተውም አያውቁም።

የዛሬው ጉዞ ለሽምግልና ነው። ሦስተኛዋ ሽማግሌ እኔ ነኝ። መሄድ የነበረባቸው አንዲት ትልቅ ሴት ነበሩ፤ ጉልበታቸውን አሟቸው ቀሩ። ሁለት ሆኖ ከመሄድ ብለው እኔን ጎተቱኝ። «ገና በአርባ ዓመቴ ሸመገልኩ!» ብዬ ሳማርር ጋሽ መኮንን፣ «ነጠላሽን አጣፊና ዝም በይ። ዝም ያለ ሁሉ ሽማግሌ ይመስላል» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጽጌ በቤተ ክርስቲያን የምንተዋወቅ፣ ሃምሳዎቹን እየጨረሰች ያለች ሴት ናት። ከሮማ ራቅ ባለ የገጠር ቤት አንዲት አሮጊት ሲኞራ ትንከባከባለች። ፊሳ ናት፤ ሥራዋም አዳሯም እዚያው። በቅርቡ የግቢው በር ላይ «ይሸጣል» የሚል ሰሌዳ ተሰቀለ። ሲኞራዋ ምንም አላሉም። ጽጌም አልጠየቀች፤ ትልቅ ሴትን «ቤትዎን ለምን ይሸጣሉ?» ማለት ከአፏ አልወጣ አላት። ሚላኖ የሚኖረው ልጃቸው በስልክ ሲጮህ ስትሰማ ግን የራሷን ፍርድ ሰጠች፦ ልጅየው ቤቱን ሸጦ እናቱን የአረጋውያን ማቆያ ሊያስገባ ነው። «ከዚያ ቤት ከወጡ ሳምንት አይቆዩልኝም» ብላ አለቀሰች። እሑድ ልጅየው ይመጣል የሚል ወሬ ሰምታ ቀኑን ቆረጠችልን። ላኪ አብሮ አይሄድምና እሷ ከቅዳሴ በኋላ ከተማ ሆና ልትጠብቀን ተስማማን።

እኔ ደግሞ ቤት የመግዛት አቅሙ ባይኖረኝም የሚሸጥ ቤት ማስታወቂያ ማንበብ ሱስ ሆኖብኛል። ሰው ሜትሮ ውስጥ ፊልም ሲያይ እኔ የሰው ሳሎን አያለሁ። ጽጌ ማስታወቂያውን ስትልክልኝ «ሰፊ ጥንታዊ የገጠር ቤት፣ ከፈረስ ጋጣና ከመጋለቢያ ሜዳ ጋር» የሚለውን አንብቤ ከሐዘኑ በፊት የመጣልኝ ጉጉት ነው። ምን ላድርግ፣ አፈጣጠሬ ነው።

ባቡር ውስጥ

የክልል ባቡር ነው፤ ትኬቱ ሦስት ዩሮ ከምናምን። ጥቂት ሳይክል የያዙ ጎረምሶች፣ አንዲት ከሌሊት ሥራ የምትመለስ ነርስ፣ እኛ። ትራስቴቬሬን አልፈን፣ ሳን ፒየትሮ ላይ የቫቲካንን ጉልላት ከኋላው አይተን፣ ዋሻ ገብተን ወጣን። ሥዕል የተሞነጫጨረባቸው ግንቦች አለቁና አረንጓዴ ጀመረ። ሚሞዛ ቢጫ አበባውን አራግፎ ጨርሷል፤ ኮክ ደግሞ ገና ማበቡ ነው። ጋሽ መኮንን የሁዳዴ እሑድ ቅዳሴ መቅረታቸው ከንክኗቸዋል።

«ማስታረቅም ቅዳሴ ነው» አሉ በመጨረሻ፣ ለራሳቸው።

«ጣሊያን ሽማግሌ አያውቅም» አሉ ጋሽ ጆቫኒ። «የሚያውቀው አቮካቶ ነው፣ ጠበቃ።»

«አቮካቶ ሲገባ ነገር ይረዝማል፤ ሽማግሌ ሲገባ ያጥራል።»

«እስቲ እናያለን። አንተ ስትናገር ግን አንድ ሰዓት አይበቃህም።»

አንጉዊላራ ላይ ሐይቁ በስተቀኝ ብቅ አለ። ጭር ያለ፣ ብርማ። ሁለቱም ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ማንዚያና፣ ረፋድ

ከጣቢያው ፊት ለፊት ባር አለ። ቡናው አንድ ዩሮ ከሃያ። ኮርኔቶ የሚሉት የቁርስ ዳቦ ቅቤ አለበትና ለእኛ አይሆንም፤ ጋሽ ጆቫኒ ግን በላ በላ አደረጉና በእኛ ምትክ አፋቸውን ጠረጉ። መንገድ ዳር አንድ ገበሬ ካርቾፊ የሚሉትን እንቡጥ መሳይ አትክልት ዘርግቷል፣ አምስቱን በሦስት ዩሮ።

ታክሲ አንድ ብቻ ነው ያለው፤ ሾፌሩ ሆዱ መሪውን የሚነካ ወሬኛ ሰውዬ። የቤቱን ስም ስንነግረው በመስታወቱ ተመለከተን፤ ክራቫት፣ ባርኔጣ፣ ነጠላ።

«ልትገዙት ነው?»

«ልናየው ነው» አሉ ጋሽ ጆቫኒ፣ ነገር ላለማብዛት።

«ቆንጆ ቤት ነው። ግን ልምከራችሁ። ፈረስ በአፉ ነው የሚበላው፤ ያ ቤት ግን በጣሪያው ይበላል። ክረምት በመጣ ቁጥር!»

መንገዱ ጠባብ፣ ግራና ቀኙ የባሉጥ ዛፍ። የድንጋይ አጥር፣ የዛገ የብረት በር፣ በሩ ላይ ያ ሰሌዳ። አሥራ አምስት ዩሮ ከፍለን ወረድን።

ግቢው

ማስታወቂያው አልዋሸም። ባለ ሁለት ፎቅ የድንጋይ ቤት፣ ግድግዳው ክንድ ሙሉ ወፍራም፣ ጣሪያው የሸክላ፣ መስኮቶቹ ባለ አረንጓዴ እንጨት መከለያ። በስተቀኝ ቅስት በቅስት ሆኖ የተሠራ የፈረስ ጋጣ። ከኋላው ሜዳ፣ ከሜዳው ኋላ የወይራ ተክል።

በሩ ላይ አንዲት ረጅም ወጣት እጇን ዘርግታ ተቀበለችን። «ፌዴሪካ እባላለሁ፣ ከቤት ሻጩ አጄንሲያ። የጠዋት ቀጠሮዎቼ እናንተ ናችሁ አይደል? ግቡ፣ ግቡ!»

«ጽጌ ነግራልናለች ማለት ነው» አሉ ጋሽ መኮንን ረክተው። ገባን።

ሁለተኛው ክፍል ስንደርስ ገባኝ። ልጅቷ ስለ ማሞቂያው፣ ስለ ጉድጓድ ውሃው፣ ስለ ምድጃው ዕብነ በረድ ሳትተነፍስ ትናገራለች። ጠጋ ብዬ፣ «ጋሼ፣ ገዢ መስለናት ነው!» አልኳቸው።

«አውቄአለሁ። ግን ሰው ቤት እያሳየ አይቋረጥም፤ ነውር ነው። ስትጨርስ እንነግራታለን።»

ጋሽ ጆቫኒም ራሳቸውን ነቀነቁ። ጣሊያን አባታቸው እዚህ ላይ ምንም አልረዷቸውም፤ ይሉኝታውን ከእናታቸው ነው የወረሱት። እኔ ደግሞ ቅር አላለኝም። ስድስት መኝታ ክፍል፣ እግር ያለስለሰው የድንጋይ ደረጃ፣ ጣሪያው ላይ የወይን ሐረግ የተሣለበት የምግብ ክፍል፤ ሁሉንም አየሁ፤ ሁሉንም በዓይኔ አቀያየርኩ። መጋረጃ ሁሉ መርጫለሁ።

ፎቅ ላይ ከሲኞራዋ መኝታ ቀጥሎ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። አንድ አልጋ፣ የማርያም ሥዕል፣ ወንበር ላይ የታጠፈ ጋቢ። በመካከሉ ያለው በር ከማጠፊያው ተነቅሏል፤ ጽጌ ሌሊት ሲጠሯት እንድትሰማ ራሷ እንዳስነቀለችው ነግራኝ ታውቃለች።

«ይህቺ የሠራተኛ ክፍል ናት» አለች ፌዴሪካ። «አፍርሳችሁ ለዋናው መኝታ ባኞ ልታደርጓት ትችላላችሁ።»

ጋሽ መኮንን ለሥዕሉ ባርኔጣ እንደሚያወልቅ ሰው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ወጡ።

ጋጣው አሥር ፈረስ ይይዛል፤ አሁን ያሉት ሁለት ናቸው፣ አንድ ዳማና አንዲት ያረጀች ባዝራ። ኮርቻው፣ ልጓሙ፣ እርካቡ በየችንካሩ ተሰቅሏል። የቆዳና የድርቆሽ ሽታ ደስ ይላል። ባዝራይቱ አፍንጫዋን የጋሽ መኮንን ክራቫት ላይ አሳረፈች።

«ፈረስ ያውቃሉ እንዴ?» አለች ፌዴሪካ።

«አባቴ አንድ ፈረስና አንድ በቅሎ ነበራቸው።»

ጋሽ ጆቫኒ ሲተረጉሙ «አንድ» የሚለውን ሁለቱንም ጊዜ ዋጡት። ልጅቷ ዓይኗ በራ። «እንግዲያው ኑ! ባለቤቷ ሳሎን እየጠበቁ ነው።»

ሳሎን

ልጅየውን ነበር የጠበቅነው። መስኮቱ አጠገብ፣ ሜዳው ፊት ለፊት የተቀመጡት ግን እሳቸው ናቸው፤ ሲኞራዋ። ቀጭን፣ ፀጉራቸው እንደ ወንድ የተቆረጠ፣ ከዘራቸው ጉልበታቸው ላይ። ልጃቸው አልመጣም፤ የጽጌ ወሬ ወሬ ብቻ ሆኖ ቀረ። ሲኞራዋ በዓይናቸው ክራቫቱን አለፉት፣ ባርኔጣውን አለፉት፣ ነጠላው ላይ ሲደርሱ ሳቁ።

«ፌዴሪካ፣ እነዚህ ገዢ አይደሉም። የጽጌ ሰዎች ናቸው። ተቀመጡ!»

ፌዴሪካ ቀላች። እኛ አልተቀመጥንም። ጋሽ ጆቫኒ በዚያ ባማረ ጣሊያንኛቸው ይቅርታ ጠየቁና አስረዱ፤ በእኛ ባህል ለምልጃ የመጣ ሰው ጉዳዩን ሳይናገር አይቀመጥም፣ አይቀምስም። ሲኞራዋ ከዘራቸውን ጨበጡ። «ይናገሩ።»

ጋሽ መኮንን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ያረጀ ዛፍ ተነቅሎ አይተከልም። ልጅዎ ይህን ቤት ሸጦ እርስዎን ከዚህ እንዳያወጣዎ ልንለምነው ነው የመጣነው። ጽጌ እስከ መጨረሻው አብራዎት ልትሆን ትፈልጋለች።»

«ልጄ?» አሉ ሲኞራዋ። «ልጄማ አትሽጪ እያለ ነው በየቀኑ የሚጮህብኝ። ፈረስ የለመደው እዚህ ነው። የምሸጠው እኔ ነኝ።»

ሦስታችንም ተያየን። ሽምግልና ሄደህ ጥፋተኛው የለም ሲባል ምን ይባላል?

«ጽጌ ልጇ ልትወልድ መሆኗን አልነገረቻችሁም?»

አልነገረችንም። አዲስ አበባ አክስቷ ጋ ያደገች አንዲት ልጅ እንዳለቻት እናውቃለን፤ ከዚያ ያለፈ አናውቅም።

«ከፋሲካ በኋላ ትወልዳለች። የመጀመሪያዋ ነው። በአገራችሁ ልጅ ስትወልድ እናቷ ናት የምታርሳት አይደል? የነገረችኝ ራሷ ናት፣ ያኔ ስለ እህቷ መውለድ ስታጫውተኝ። አሁን ግን ስልክ ይዛ በቋንቋችሁ መሃል 'ሲኞራ፣ ሲኞራ' እያለች ታለቅሳለች፤ ይህን የሚተረጉምልኝ ሰው አያስፈልገኝም። ሂጂ አልኳት። 'ማን ያነሳዎታል፣ ማን ያስተኛዎታል' ብላ ሳቀችብኝ። እኔ እዚህ ቤት እስካለሁ አትሄድም። ስለዚህ ቤቱን እሸጣለሁ። ብራቻኖ ከተማ እህቴ ጋ እገባለሁ። እህቴ ጨቅጫቃ ናት፤ ግን ሕንፃዋ ሊፍት አለው። ፈረሶቹንም ጎረቤቴ ይወስዳቸዋል።»

«ለምን እንዲህ ብለው አልነገሯትም?» አልኩ፤ ዝም ያለ ሽማግሌ ይመስላል የተባለውን ረስቼ።

«ብነግራት ሰሌዳውን ነቅላ ታቃጥለዋለች። አታውቋትም?»

እናውቃታለን። እንባዬ መጣ፤ ልደብቀውም አልሞከርኩ።

«አሎራ፣ እንግዲህ» አሉ ሲኞራዋ፣ «ሽማግሌዎች ከሆናችሁ እኔም ልላካችሁ። ሂዱና ለምኑልኝ።»

ጋሽ መኮንን መልእክቱን ተቀበሉ። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ጽጌ ማታ ሠርታ ያስቀመጠችው ሽምብራ በፓስታና በዘይት የበሰለ ካርቾፊ ቀረበ። «ፎርማጆ የለበትም፤ ጾም ላይ መሆናችሁን አውቃለሁ» አሉ ሲኞራዋ። ፌዴሪካም አብራን በላች። እውነተኞቹ ገዢዎች መንገድ ጠፍቷቸው ኖሮ ጠረጴዛው ሲነሳ ደረሱ፤ ለቡና እንኳን ሳይቀመጡ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ።

ካስትሮ ፕሬቶሪዮ፣ ከሰዓት በኋላ

ባቡሩ ውስጥ ጋሽ ጆቫኒ አንድ ጊዜ ብቻ፣ «አንዱ ለሌላው ብሎ ዝም፤ ሌላውም ለአንዱ ብሎ ዝም» አሉ። ጋሽ መኮንን መለማመዳቸው ነው መሰለኝ፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር።

ጽጌ ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ካለው የሐበሻ ካፌ፣ በነጭ ልብሷ፣ ሻይዋን አቀዝቅዛ ጠበቀችን። ሽማግሌዎቹ ፊቷ ቆሙ። አልተቀመጡም። ፊቷ ተለወጠ።

«እምቢ አለ?»

«አሁን የተላክነው ከወዲያ ነው» አሉ ጋሽ መኮንን፣ ነገሩንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገሯት። ጋሽ ጆቫኒ እንደፈሩት አልረዘመም።

ጽጌ ተቆጣች። «ማን ጠየቃቸው? እኔ አሰናብቱኝ አልኩ? መድኃኒታቸውን በማር ካልሆነ አይውጡም። በግራ ጎናቸው ካልተኙ ይባንናሉ። እህታቸው ይህን ታውቃለች?»

«ንገሪያታ» አሉ ጋሽ ጆቫኒ።

«ቀላል አደረጉት!»

«እናት ልጇን ልታርስ ሄደች ብሎ የሚወቅሳት የለም» አሉ ጋሽ መኮንን። «እሺ በይን፤ እግራችንም ደክሟል።»

ጽጌ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች። ስታነሳው ቁጣው የለም።

«የሲኞራዋን ሁሉ አውቃለሁ» አለች። «ልጄን ግን አላውቃትም። ጡት እንዳስጣልኳት ነው ትቻት የመጣሁት። ሄጄ ምን ላበላት ነው? የምትወደውን የምትጠላውን አላውቅም እኮ።»

ጽጌ ስልኳን አውጥታ ደወለች፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ድምፁን ከፈተችው።

«ሄለንዬ፣ እኔ ነኝ። ገንፎ ትወጃለሽ?»

«ገንፎ?» አለች ልጅቱ ከአዲስ አበባ። «አልወድም። ምነው?»

«አይ፣ እንግዲያው ሌላ ነገር እሠራልሻለሁ። መጥቼ።»



«መጥተሽ ነው ያልሽው?»

«አዎ» አለች ጽጌ። «መጥቼ።»