የአያ ካሤ በረዶ

ዐዋጅ! በደሃና ደጋ የምትኖሩ፣ በሰቆጣ ከተማ ወንበር ላይ የተቀመጣችሁም ከወንበር የተነሣችሁም፣ ስብሰባ የምትጠሩም ለአበሉ ብቻ የምትመጡም፣ ጆሯችሁን ስጡ! ከአንዲት የገብስ ማሳ፣ ከአንድ አህያና ከአንድ የተቀደደ ጃንጥላ በቀር ግዛት የሌላቸው አያ ካሤ፣ ከዛሬ ጀምሮ የዓለም በረዶ ጠበቃ ሆነው ተሹመዋል። ሹመቱ ደመወዝ የለውም። ሿሚውም እስካሁን አልተገኘም።

አያ ካሤ ዕድሜያቸውን የጨረሱት በሰው ደጅ ቆመው ነው። ልመና እንዳይመስላችሁ፤ ሽምግልና ነው። ለማኝ ሲሰጡት ተቀብሎ ይሄዳል፣ ሽማግሌ ግን ሲሰጡት ገብቶ ይበላል፤ ልዩነቱ ይኸው ነው። የልጅቱ አባት «ኧረ ግቡ፣ ተቀመጡ» ሲል «የመጣንበት ሳይመለስ አንቀመጥም» ማለት የአገሩ ወግ ነው። ሌላው ሽማግሌ ይህን ለወጉ ያህል ብሎ ዓይኑን ወደ መደቡ ይልካል። አያ ካሤ ግን የምራቸውን ነው። ዝናብ ቢመጣ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ይቆማሉ። በአማርኛ እንቢ ቢሏቸው በኽምጥኛ ይለምናሉ፤ በኽምጥኛም እንቢ ቢሏቸው «ጆሮዬ ከብዷል» ይላሉ። በዚህ ዘዴ ያላጋቡት የመንደር ልጅ የለም። ካጋቧቸው ግማሹ መፋታቱ የእሳቸው ጥፋት አይደለም፤ እሳቸው ማጋባት እንጂ ማኖር መቼ ተላኩ?

ታዲያ በዚህ ክረምት ጎረቤታቸው ብርሃነሽ መጣችባቸው።

«አያ ካሤ፣ ልጄን ይዳሩልኝ።»

ልጇ ዓለምነህ በረሃና ባሕር አቋርጦ ፈረንጅ አገር ከገባ ቆይቷል። የሚፈልጋት ሠርካለም ሰቆጣ ውስጥ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። ሁለቱ በስልክ ተነጋግረው ጨርሰዋል። የቀሩት አባቷ ናቸው፤ አቶ ጸሐዩ፣ ባለ ግሮሰሪ፣ ቀዝቃዛ ቢራ የሚሸጡ፣ ፊታቸውም ከቢራው የማይሞቅ።

«ልጁ ሥራው ምንድን ነው? ይጠይቁኛል እኮ።»

ብርሃነሽ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። «በረዶ ያለብሳል።»

«ምን ያለብሳል?»

«በረዶ። እዚያ ተራራው ላይ ከጥንት ጀምሮ የተጋገረ በረዶ አለ አሉ። አሁን ምድሩ እየሞቀ ከዓመት ዓመት ወደ ላይ እየሸሸ፣ እየሳሳ ሄደ። እና በበጋ ጊዜ ነጭ ብርድ ልብስ የመሰለ ነገር ያነጥፉበታል። ቶሎ እንዳያልቅ።»

አያ ካሤ ቀና ብለው ተራራውን አዩ። «ብርሃነሽ፣» አሉ፣ «ይህ ልጅ እህል ይበላል?»

ያም ሆነ ይህ ሄዱ። መስቀል ይዘው አብረዋቸው የሚቆሙ አባ ገብረ አምላክ የሚባሉ ቄስ አሉ፤ እሳቸውን አስከትለው ከአቶ ጸሐዩ ግሮሰሪ ደጃፍ ላይ ተገተሩ። አያ ካሤ የልጁን ሥራ ሲጠየቁ «መሐንዲስ ነው» ለማለት አፋቸውን ከፍተው ነበር። ነገር ግን ሠርካለም ከጓዳ ብቅ ብላ ዓይን ዓይናቸውን አየቻቸው። እውነቱ አመለጣቸው።

ጠጪው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ።

«ትራስም ይጨምሩለታል?»

«የእኛም ተራራ ይመዝገብለት! እሱም ራቁቱን ነው!»

አቶ ጸሐዩ አልሳቁም። «ልብስ ያሞቃል እንጂ ያቀዘቅዛል እንዴ? ልጁ ወይ አብዷል፣ ወይ ይዋሻል። ለሁለቱም የምሰጠው ልጅ የለኝም።»

አያ ካሤ ሳይቀመጡ ተመለሱ። በአገሩ ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር አልተሰማም።

መስከረም እንደጠባ ደሃና ላይ በረዶ ወረደ። ያሸተውን ገብስ እንደ ምንጣፍ አነጠፈው፤ የአያ ካሤን ማሳ ጨምሮ። በማግስቱ ጧት ሰው ማሳው ዳር ቆሞ ደረቱን ሲመታ፣ እሳቸው ሁለት ባልዲ ይዘው ወደ ገደሉ ጥላ ወረዱ፤ በረዶው እዚያ ተከምሮ አድሯል። ሁለቱንም ሞሉ። አንደኛውን እንዳለ ተዉት። ሁለተኛውን ብርሃነሽ ለሙሽራዋ ስጦታ ብላ ከበግ ጠጉር ባሠራችው ወፍራም ባና ጠቀለሉት።

«አያ ካሤ፣ ምነው? ገብስዎን የገደለውን ያዝላሉ?» አለ አንዱ።

«ለምስክርነት እፈልገዋለሁ» አሉት።

እስከ መኪናው መንገድ በአህያ፣ ከዚያ በአይሱዙ፣ ከአባ ገብረ አምላክ ጋር ሰቆጣ ገቡ። ይህ ደግሞ የምሁር ሥራ ነው፤ በከተማው አዳራሽ ስለ ምድር መሞቅ የታሸገ ውሃ እየጠጣ ሲማከር የሚውል ሰው ሞልቷል፤ አንዱም ባልዲ ይዞ አልመጣም።

ደጃፉ ላይ ባልዲዎቹን አስቀመጡ። ያልለበሰው ባልዲ ውስጥ ውሃ ብቻ ነበር። ባናው ሲፈታ፣ የሕፃን ራስ የምታህል የበረዶ ጉብታ ቁጭ ብላለች፤ መሐሏ ላይ አንዲት የገብስ ዛላ ተቀርቅራለች።

«እንግዲህ… ይለበሳል ማለት ነው» አለ አንድ ጠጪ፣ ብርጭቆውን አስቀምጦ።

አያ ካሤ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የመጡበት ሳይመለስ ሊቀመጡ ምንም አልቀራቸውም። ያን ጊዜ አቶ ጸሐዩ ጎንበስ ብለው በረዶዋን አዩ።

«ስትነሡ ምን ያህል ነበረች?»

«ባልዲ ሙሉ።»

«አሁን ይቺ ናት። ልብሱ አዘገያት እንጂ አላዳናትም። የልጁም ተራራ እንዲሁ አይደለም?»

«እንዲሁ ነው።»

«አልቆ ባዶ ድንጋይ የቀረ ዕለት ምን ሊያለብስ ነው?»

አያ ካሤ ጃንጥላቸውን ተመርኩዘው አሰቡ። «አቶ ጸሐዩ፣ ይቺ ዛላ ትናንት ማሳዬ ነበረች። የማያልቅ ነገር በእጁ ያለው ጎረምሳ ካወቁ ያሳዩኝ፤ ለእሱ እሸመግላለሁ።»

ጠጪው «ይበሉ!» አለ። አቶ ጸሐዩ በገዛ ግሮሰሪያቸው መረታት አንገበገባቸው። «በሉ እንዲህ ይሁን! ይቺ በረዶ እስከ መስቀል ቆይታ ዛላዋን እንደያዘች ካገኘኋት፣ ልጄን ውሰዱ። ቀልጣ ዛላዋ ከወደቀች ግን ዳግመኛ ደጄን እንዳትረግጡ!»

በረዶዋ በዚያው ቅጽበት ጠብ፣ ጠብ ትል ነበር። ሰው ሁሉ ሳቀ።

«ቃል ነው፣ አባባ?» አለች ሠርካለም።

«ቃል ነው!»

«አባ፣ ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ» አሉ አባ ገብረ አምላክ፣ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው። «ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ።»

ሠርካለም በረዶዋን በሁለት እጇ አነሣች፤ የአባቷን ፍሪጅ ከፈተች፤ ከላይኛው በረዶ ቤት ውስጥ ያለውን አውጥታ እሷን አስገባች፤ ዘጋችው።

ከዚያ ወዲህ ሰቆጣ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የመብራት ነገር ግድ ብሎታል። መብራት በጠፋ ቁጥር ሠርካለም ፍሪጁን በሙሽራ ባናዋ ትጠቀልለዋለች። ጠጪው ጋቢውን ይጨምራል፤ «ትራስም ይጨምሩለታል?» ብሎ የቀለደው ሰውዬም ከቤቱ ትራስ አመጣ። አያ ካሤ ደጃፉ ላይ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ይቆማሉ፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በበሩ የምትገባበት በኩል። ትናንትና አንድ የማያውቅ ደንበኛ ፍሪጁን ሊከፍት ሲል አቶ ጸሐዩ «ዝጋው!» ብለው ጮኹበት። ከዚያ በየትኛው ወገን እንዳሉ ትዝ ሲላቸው ሒሳብ ያለባቸው ይመስል ወደ ጓዳ ገቡ።

ዓለምነህ ለአያ ካሤ ደወለ።

«አያ፣ የእናንተዋ እንዴት ናት?»

«ቀነሰች። ያንተስ?»

«ቀነሰ። ዘንድሮ ጨርቁን ጨምረን ነበር።»

«በርታ ልጄ።»

«እርስዎም ይበርቱ።»

መስቀል ነገ ነው። መብራት ከጧት ጀምሮ የለም። ሠርካለም ቀስ ብላ ከፍታ አይታ ዘግታለች፤ በረዶዋ የዶሮ እንቁላል አክላለች፣ የዛላዋ ጫፍ ወጥቷል። ባናው አለ፣ ጋቢው አለ፣ ትራሱ አለ። አያ ካሤ አልተቀመጡም።

አንባቢ ሆይ፣ «በረዶ ድሮም አላቂ ነው» ብለህ እንዳትመክረን፤ መካሪ ሞልቶናል። የሰቆጣ ነዋሪ ሆነህ ጄኔሬተር ካለህ፣ እሱ ባይኖርህ ትርፍ ጋቢ ካለህ፣ ጋቢም ባይኖርህ በሩ ላይ ቆሞ ፀሐይ የሚከልል ጀርባ አይጠፋህምና፣ እባክህ ይህን ወረቀት አስቀምጥና ወደ ግሮሰሪው…