ይርጋ የሚባለው ሰውዬ

ይህ ነገር የገጠመኝ በደርግ ዘመን፣ ድሬዳዋ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ጸሐፊ በነበርኩበት ጊዜ ነው። ዛሬ ያረጀሁ ጠበቃ ነኝ። ጠበቃ የሆንኩት በአንዲት ወተት ሻጭ ምክንያት መሆኑን ግን ልጆቼ እንኳ በደንብ አያውቁም። ሳልናገረው እንዳልሞት ብዬ ነው የምጽፈው።

ያኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር። ከፍርድ ቤቱ አጥር ውጭ፣ ኒም ዛፍ ሥር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የጽሕፈት መኪናና ሁለት በርጩማ ነበረኝ። የሰዉን አቤቱታ እጽፋለሁ፣ ባለጉዳዩ ወረቀቱን ይዞ ይገባል፣ እኔ እዚያው እቀራለሁ። ገብቶ ዳኛ ፊት ለመከራከር የጥብቅና ፈቃድ ያስፈልጋል። ለፈቃዱ ደግሞ የሕግ ትምህርት ማስረጃ፣ የቀበሌ ድጋፍ ደብዳቤ፣ የጽሑፍ ፈተናና የቃል ፈተና ይጠየቃል። ሌላውን ሁሉ አሟልቼ በቃል ፈተናው ወደቅኩ።

የወደቅኩት ሳላጠና ቀርቼ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉን እንደ ዳዊት ደግሜዋለሁ። ችግሩም እሱው ነበር። ከአዲስ አበባ የመጡት የፈታኞቹ ሰብሳቢ መነጽራቸውን አወለቁና፣ «ጓድ፣ ሸምድደሃል እንጂ አልገባህም» አሉኝ። የቀረኝ አንድ ዕድል ብቻ ነበር። ያም ካመለጠ ዕድሜዬን ሙሉ ከዛፉ ሥር መቅረቴ ነው።

ፈተናው አራት ቀን ሲቀረው፣ ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ አንዲት ጠና ያለች ሴት ጀሪካን አንጠልጥላ ከፍርድ ቤቱ ወጣችና ጠረጴዛዬ ፊት ቆመች። ከዚያ በፊት አይቻት አላውቅም። ስናወራ እንዳወቅሁት ሀሊማ ትባላለች፣ መጋላ ገበያ ወተት ትሸጣለች፣ ሰፈሩ በሶማሊኛ «ኤዶ» ይላታል፤ አክስቴ እንደ ማለት ነው።

«ወሪያ! አንተ ጸሐፊው! ይርጋ የሚባለው ሰውዬ ቢሮው የት ነው?» አለችኝ።

«የትኛው ይርጋ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! መዝገብ ቤት ያለው ሰው ወረቀቱን አነበበልኝ። ክስሽ በይርጋ ታግዷል አለኝ። ሰውዬውን አላውቀው፣ አልሰደብኩት፣ ምን አድርጌው ነው የሚያግደኝ? አሳየኝና ልለምነው።»

ሳቄ አመለጠኝ።

«ትስቃለህ? ወላሂ ከጠዋት ጀምሮ በየበሩ ይርጋ፣ ይርጋ ስል ነው የዋልኩት። አንዱ ደግሞ ሐረር ተቀይሯል አለኝ!»

እዚህ ላይ ሳቄ ቆመ። ትልቅ ሴት እንዲህ መቀለጃ ሲያደርጓት እኔም አብሬ መሳቄ አሳፈረኝ። በርጩማው ላይ አስቀመጥኳትና ወረቀቱን ተቀብዬ አነበብኩ። ባሏ ሲሞት ሰባት ፍየሎቿን ለባሏ ወንድም አደራ ሰጥታው ነበር፤ ሰውዬው ካደ። እሷ ከስሳ ፍርድ ቤት እስክትደርስ ሕጉ የሰጣት ጊዜ አልፏል። የራሷ ፍየል ስለሌላት ከሁርሶ በኩል የሚመጣ ወተት እየተቀበለች ትሸጣለች።

«ይርጋ ሰው አይደለም» አልኳትና ጉሮሮዬን ጠራርጌ ጀመርኩ። «ይርጋ ማለት በሕግ በተወሰነው የጊዜ ገደብ ውስጥ መብቱን ለመጠየቅ ያልቀረበ ወገን፣ ተከራካሪው መቃወሚያ ባነሳበት ጊዜ...»

አቋረጠችኝ። «አማርኛ ተናገር።»

እኔ አማርኛ አፌን የፈታሁበት፣ እሷ በገበያ የለመደችው! ሌላ መንገድ ሞከርኩ፤ እሱም እንደ መጀመሪያው ሆነ። ከሸመደድኩት ቃል መውጣት አቃተኝ። ሰብሳቢው ያሉኝ እውነት መሆኑን ያን ጊዜ አመንኩ።

እሷም ተስፋ ቆርጣ ልትነሳ ስትል ጀሪካኗ ትዝ አላት። ከፍታ አየችው፣ ነቅነቅ አደረገችው። የድሬን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል።

«ያ አላህ! ይርጋን ስፈልግ ወተቴ ረጋ» አለች።

ከበርጩማዬ ዘልዬ ተነሳሁ። «ይሄ ነው ኤዶ! ይርጋ ማለት ይሄ ነው! ጠዋት ይዘሽው ስትመጪ ወተት ነበር። ማንም አልወሰደብሽም፣ አሁንም ያንቺ ነው። ግን ሰዓቱ አለፈና ረጋ። አሁን ወተት ነው ብለሽ ብትወጪ ማን ይቀበልሻል?»

ጀሪካኗን ደግማ አየችው።

«ፍየሎቹ የኔ ናቸው። ግን ረግተዋል ነው የምትለኝ?»

«አዎ።»

«ሽማግሌዎቹ ናቸው» አለች ቀስ ብላ። «ልክሰሰው ባልኩ ቁጥር ረጋ በይ ሀሊማ፣ ዘመድሽ ነው፣ ረጋ በይ ይሉኛል። እኔም ረጋሁ። ይኸው ፍየሎቼም ረጉ።»

ይህን ብላ ጠረጴዛዬ ላይ የነበረውን ብርጭቆ አንስታ ሞላችልኝ። «ጠጣ። እርጎም ይጠጣል» ብላኝ ሄደች።

በፈተናው ቀን እነዚያው ሦስት ፈታኞች ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው ወረቀታቸውን አገላበጡና፣ «ስለ ይርጋ አስረዳን» አሉ። አንቀጹን ልጠራ አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሱ። «ቁጥሩን ተወው። ሕግ ለማያውቅ ሰው እንደምትነግረው ንገረን።»

«ይርጋ እርጎ ነው» አልኩ።

አንደኛው ፈታኝ ሳል ያዘው። እኔ ግን አንዴ ወጥቷልና ቀጠልኩ። ስለ ጀሪካኑ፣ ስለ ፍየሎቹ፣ ይርጋ ሐረር ተቀይሯል ስለተባለው ሁሉ ነገርኳቸው። ሦስቱም ሳቁ። «ረጋ በይ ሲሉኝ ረጋሁ» ያለችው ላይ ስደርስ ሰብሳቢው ሳቃቸውን አቆሙ።

«ይህን ማን አስተማረህ?»

«ኤዶ ሀሊማ፤ መጋላ ወተት ትሸጣለች።»

ወረቀታቸው ላይ አንድ ነገር ጻፉ። ስሜ ካለፉት ዝርዝር ውስጥ ሲለጠፍ በቀጥታ የሄድኩት ወደ መጋላ ነው። በአንቺ አለፍኩ አልኳት። «ታዲያ ጠበቃ ከሆንክ ፍየሎቼን አምጣ» አለችኝ። አላመጣሁላትም። የሕጉ በር ተዘግቶ ነበር። የባሏን ወንድም ሁለት ጊዜ ሄጄ ለመንኩት፤ በጄ አላለም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እሷ ግን አልተቀየመችኝም። ፈቃዴን በያዝኩ በወሩ ገደማ አንዲት የማላውቃት ሴት ቢሮዬ መጣች። ገና ሳትቀመጥ፣ «ኤዶ ሀሊማ ልካኝ ነው። የኔ ገና ወተት ነው፣ ቶሎ በል ብላሃለች» አለችኝ። የመጀመሪያ ደንበኛዬ ናት። በማግስቱ ክሷን አስገባሁ፤ ረታንም። ኤዶ ከዚያ በኋላ ስንቷን እንደላከችልኝ አልቆጠርኩም። ሁሉም የሚገቡት «ገና ወተት ነው» እያሉ ነበር።

አሁን ፈቃድ ለማሳደስ በየጊዜው ሥልጠና ውሰዱ እንባላለን። ጥሩ ነገር ነው፣ እሄዳለሁ፣ ከወጣቶቹ ጋር ተቀምጬም እጽፋለሁ። ቅጹ ላይ «የወሰዱት ሥልጠና፣ የሰጠው አካል» የሚል መጠይቅ አለ። ሁልጊዜ እዚያ ስደርስ እስክሪብቶዬ ይቆማል። ዋናውን ሥልጠና የወሰድኩት ኒም ዛፍ ሥር ነው። የሰጠችኝም ፍየሎቿን ያጣች ሴት ናት።

አላህ ይማርሽ ኤዶ። እኔ እስከ ዛሬ ለባለጉዳይ «ረጋ በይ» ብዬ አላውቅም።