ምርጉን ያራገፍነው እኛ ነን

ባለፈው ክረምት ከደብረ ማርቆስ ዳር የሚያልፈው ወንዝ ሞልቶ የእናቴን ቤት አንድ ግድግዳ ጣለው። አንድ ነው ያልሁት፤ ይህ ይያዝልኝ፤ ጠቡ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው። ሦስቱ እስከ ጉልበት ርሰው ቆመዋል።

እኛ አገር የራሰ ምርግ እንጨት ላይ አይተውም። ጭቃው ከላይ ደርቆ ከውስጥ እንደራሰ ይቆይና ቋሚውን ያበሰብሰዋል። ስለዚህ ጎረቤት በደቦ ይጠራል፤ ጭቃው ተራግፎ እንጨቱን ነፋስ ይመታዋል፤ ከዚያ በጭድ የተቦካ አዲስ ጭቃ ይመረጋል። እናቴም ይህንኑ አደረገች። ጎረቤቱ ተሰብስቦ ሦስቱንም ግድግዳ አራገፈና ማገርና ቋሚ ብቻ አስቀረ። ከመንገድ ሲታይ የቆርቆሮ ክዳን የተደፋበት አጥር ይመስል ነበር።

በዚያው ሳምንት ከማዘጋጃ ቤት ባለሙያ መጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አልሁ በልቤ። አዲሱ የወንዝ ዳር ደንብ እንዲህ ይላል፦ በጎርፍ የተጎዳ ቤት ጉዳቱ ከግማሽ ካነሰ ይጠገናል፤ ካለፈ ግን ጥገናው እንደ አዲስ ግንባታ ይቆጠርና ይከለከላል። ሰውየው ቤቱን አንድ ጊዜ ዞረና ቋሚው ላይ ቀይ ቀለም ቀባ።

“ምን ማለት ነው?” አልሁት።

“ቤቱ ፈርሷል። እማማ ቦታውን ይለቃሉ።”

“ውሃው ያፈረሰው አንዱን ነው። የሌላውን ምርግ ያራገፍነው እኛ ነን፣ እንጨቱ እንዲደርቅ።”

“እኔ የምመሰክረው ያየሁትን ነው።”

ደሜ ፈላ። ደንቡን ጠልቼ አይደለም። ጎርፉ በመጣበት ቀን እናቴን አዝዬ ያወጣኋት እኔ ነኝ፤ ያንን ውሃ እፈራዋለሁ። ግን በእግሩ የቆመን ቤት ሞቷል ሲሉኝ ዝም የምልበት አንጀት የለኝም። ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ጮህሁ። ኃላፊው ታግሶ ሰማኝና፣ “ኮሚቴ መጥቶ ያየዋል፤ እስከዚያ ጭቃ እንዳይነካ” አለኝ።

እናቴን እኔ ቤት እንድትቆይ ለመንኋት።

“ሰው የማይኖርበትን ቤት ፈርሷል ቢሉ ምን ይፈረድባቸዋል?” አለችና አልጋዋን መልሳ አስገባች።

ከዚያ ወዲያ የእናቴ ኑሮ ሁሉ ከመንገድ ይታይ ጀመር። ስትበላ ይታያል፤ ጸጉሯን ስታበጥር ይታያል። አላፊ አግዳሚው መጀመሪያ አፍሮ ፊቱን ያዞር ነበር፤ እሷ ግን በማገሩ መሐል እየጠራች ስለ ከብቱና ስለ ልጆቹ ደህንነት ስትጠይቅ ለመደው። እኔ ነኝ ያፈርሁት። አንሶላ ልጋርድ ብል፣ “ተወው፣ ይዩኝ” አለች። ነፋሱ ሳል አምጥቶባት ስለነበር ያን ቀን ተጣላን።

ኮሚቴው በመጨረሻ መጣ፤ ኃላፊው፣ ያ ባለሙያና አንድ መሐንዲስ። በወንዙ በኩል ነበር የመጡት፣ ግድግዳው በወደቀበት። ወለል ብሎ የተከፈተ ነውና ኃላፊው ፍርስራሹን ሊረግጥ እግሩን አነሣ።

“በዚያ አይገባም” አለች እናቴ አልጋዋ ላይ እንደተቀመጠች። “በር አለኝ።”

“እማማ፣ ክፍት እኮ ነው።”

“እናንተ ቤት እንግዳ የሚገባው በየት ነው?”

ከዚያ ሦስቱም ጭቃውን እየረገጡ ዞሩና በሩን አንኳኩ። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ቀስ ብላ ተነሥታ ከፈተችላቸው።

መሐንዲሱ ቋሚውን በሁለት እጁ ይዞ ነቀነቀው። ሌላውንም ነቀነቀ። አንዱም አልተንቀሳቀሰም።

“ጉዳቱ ከግማሽ በታች ነው” አለ ለኃላፊው። “የወደቀው ግድግዳ ከሥሩ ድንጋይ ይሁን፤ ወለሉም ከፍ ይበል።”

“ይጠገን” አለ ኃላፊው።

እናቴ አላመሰገነችም። ባለሙያው ለመኪናው ስለሚቀርብ በፈረሰው በኩል ሊወጣ ሲል ክንዱን ያዘችው።

“በበሩ፣ ልጄ” አለችው።