አንዱን ምረጪ

ጣሊያን ከወጣ ከዓመታት በኋላ ነው፤ ጎንደር ውስጥ ስምንተኛ ክፍል ስማር። የእንግሊዝኛ መምህራችን ሕንዳዊ ነበሩ። «ለዓላማ ‹ኢን ኦርደር ዛት›፣ ለውጤት ‹ሶ›! ሰውዬው በቅሎዋን አሰራት። እንዳትጠፋ ብሎ ነው? ወይስ አሰራትና ሳትጠፋ ቀረች? አንዱን ምረጡ!» እያሉ ሰሌዳውን በጠመኔ ይደበድቡ ነበር።

የኛ ቤት ደግሞ መምረጥ አያውቅበትም። አባቴ የቅዱሳት መጻሕፍት ትርጓሜ የሚያስተምሩ የኔታ ናቸው። ትርጓሜ ቤት አንድ ንባብ ሲፈታ «አንድም» እየተባለ ፍቺ በፍቺ ላይ ይደረባል እንጂ አንዱ ተይዞ ሌላው አይጣልም።

ከአባቴ ጋር ያለን ውል ግልጽ ነበር፤ እንግሊዝኛ ካለፍኩ ትምህርቴን እቀጥላለሁ፣ ከወደቅኩ እንፍራንዝ ላለ ዲያቆን እዳራለሁ። ዲያቆኑ መልከ መልካም ነው ይሉኝ ነበር። ቢሆንስ? እኔ የምወደው ዘጠነኛ ክፍልን ነው።

በፈተናው ዋዜማ ጮክ ብዬ ሳጠና አባቴ ከመደባቸው ሆነው ሰሙኝ።

«ምነው ልጄ፣ ምን አስጨነቀሽ?»

የበቅሎዋን ነገር ነገርኳቸው። ፊታቸው በራ።

«ይኸማ ሸጋ ንባብ ነው! አንድም እንዳትጠፋ አሰራት፤ አንድም አሰራትና አልጠፋችም። አንድም በቅሎ የተባለች ሥጋ ናት፣ ገመድ የተባለ ጾም ነው።»

ያዝ እንግዲህ! እሳቸው ሲያወርዱ እኔ ስቀበል፣ እስኪያመኝ ስስቅ፣ እናቴ «አበዳችሁ እንዴ?» እስክትለን ድረስ አመሸን። እንደዚያ ደስ ብሎኝ አጥንቼ አላውቅም።

በማግስቱ ፈተናው በቃል ነበር። ደስታው ገና ከላዬ አልወረደም። መምህሩ ያችኑ በቅሎ ጠየቁኝ። ነጠላዬን አደገደግሁና በትርጓሜ ቤት ዜማ ለቀቅሁት፤ «አንድም ኢን ኦርደር ዛት! አንድም ሶ!» ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። መምህሩ ግን ሳይስቁ ዜሮ ሰጡኝ።

አባቴ ይህን ሲሰሙ ጃንጥላቸውን ይዘው ዲሬክተሩ ቢሮ ድረስ መጡ። መምህሩም ተጠርተው በተቀመጡበት ለበቅሎዋ ጥብቅና ቆሙ። ሥጋን ጠቀሱ፣ ጾምን ጠቀሱ። ዲሬክተሩ ለመምህሩ ማስተርጎም ቢያቅታቸው ግንባራቸውን በመሐረብ ይጠርጋሉ። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ሳቄን በነጠላዬ አፍናለሁ።

በመጨረሻ ሕንዳዊው አንድ ነገር ተናገሩ። ዲሬክተሩም ወደ አባቴ ዞረው፣ «የኔታ፣ እሳቸው አንድ ጥያቄ አላቸው። አንድ መልስ ብቻ ከመለሱላቸው ልጅዎን እንደገና ይፈትኗታል። ይችን ልጅ ትምህርት ቤት የላኳት ለምንድን ነው?» አሏቸው።

አባቴ በኩራት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አንድም...»

መምህሩ አንድ ጣታቸውን አነሡ።

አባቴ ዕድሜ ልካቸውን አንድ ፍቺ ጥለው አያውቁም። የሚሉት ሁለተኛ ነገር ምን እንደሆነ ግን አውቄዋለሁ፤ ባለትምህርት ሙሽራ ክብሯ ከፍ ያለ ነው የሚለው ነው። ሳቄ ወዴት እንደጠፋ እንጃ። እሱን ከመረጡ መዳሬ ነው። አባቴ ወደ ጣሪያው አዩ፣ ወደ ጃንጥላቸው አዩ፣ ከዚያ ወደ እኔ አዩ።

«እንድትማር ነው» አሉ።

ዲሬክተሩ ሊያስተረጉሙ አፋቸውን ሲከፍቱ አባቴ በእጃቸው አስቆሟቸውና ወደኔው እያዩ፣ «ሌላውን ትቼዋለሁ» አሉ።

እዚያው ቢሮ ውስጥ፣ በመምህሩ ፊት፣ እልል አልኩ።