የልጄ የሂስ ቀን

ልጄ ማርቆስ ከተማ ኮሌጅ ትማራለች። እግዚአብሔር ከፈቀደ የሥዕል አስተማሪ ልትሆን ነው። ቤታችን ከአማኑኤል ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ ስለሆነ በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ትመጣለች፤ እሑድ ቅዳሴ አስቀድሳ ትመለሳለች።

አንድ ዓርብ መጣችና ቦርሳዋን መደቡ ላይ ጥላ፣ "እማ፣ የሚመጣው ሐሙስ ሂስ አለብኝ" አለችኝ። ሙዳይ እየሰፋሁ ነበር። ወስፌውን አስቀመጥኩ።

"ምን አጠፋሽ?"

"ምንም አላጠፋሁም። ሁላችንም አለብን። ሥዕላችንን እናቆማለን፣ ሰው ሂስ ይሰጠናል።"

"በሰው ፊት?"

"በሰው ፊት ነዋ! ሂስ ታዲያ በጓዳ ይሰጣል?"

ለእሷ ቀላል ቃል ነው። እኔ ቃሉን የማውቀው ከሌላ ቦታ ነው። በደርግ ጊዜ፣ ዘጠኝ ወይም ዐሥር ዓመት ሲሆነኝ፣ አባቴ በዓል ነው ብሎ ለወል እርሻ ሳይወጣ ቀረ። የገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ አስነሥተው አቆሙት። እኔ ከእናቴ ጀርባ ሆኜ አያለሁ። ቀድሞ ተነሥቶ ሂስ የሰጠው የገዛ አበልጁ ነው፤ ወንድሜን ክርስትና ያነሣው ሰው። "አንተ ሰነፍ ነህ፤ አንተ አድኃሪ ነህ" አለው። ከዚያ ሌላው ተከተለ። በመጨረሻ አባቴን "ግለ ሂስህን አውርድ" አሉት፤ በራስህ ላይ ራስህ ፍረድ ማለት ነው። አባቴ ቆሞ ጥፋቱን ተናገረ። ያን ዕለት እህል ሳይቀምስ ተኛ። ከአበልጁ ጋርም እስኪሞት ድረስ በአንድ ማዕድ አልተቀመጠም።

ይህን ለልጄ ነግሬያት አላውቅም ነበር። ያን ዓርብ ነገርኳት። እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ሰማችኝና፣ "የእኛው እንደዚያ አይደለም እማ" አለችኝ። ደብተሯን ከቦርሳዋ እያወጣች፣ "ቢሆንም ያስፈራል" አለች።

ባለፈው የሂስ ቀን ሥዕሏን "ነፍስ የለውም" ብለዋት አልቅሳ እንደነበር ያኔ ነው የሰማሁት። ከደብተሯ መሐል የታጠፈ ወረቀት አወጣች። የትምህርት ክፍል መቀየሪያ ፎርም ነው። አልተሞላም።

"ይኼኛው ካልሆነልኝ ሥዕሉን ትቼ ወደ ሒሳብ እዛወራለሁ።"

አባቷ ከደጅ የበሬ ጠፍር እየጠገነ ይሰማ ኖሯል። "አሁን ገና ተናገርሽ! ሒሳብ እንጀራ ነው። ሥዕል ደግሞ ይማሩታል? ያደለው ይሥላል እንጂ" አለ።

ልጄ ወረቀቱን መልሳ አጠፈችው።

ይህች ልጅ በልጅነቷ ከሰል ካገኘች የጎተራው ጀርባ አይቀራትም ነበር። ዶሮውን፣ አህያውን፣ እኔን ሣለችበት። አባቷ ይቆጣል፤ እኔ በጭቃ እለስነዋለሁ፤ ሲደርቅ እንደገና ትሥልበታለች። ያ ፎርም እንዲሞላ አልፈለግሁም። ነገር ግን ስለ ሥዕል ምን አውቄ ምን እላታለሁ?

"እስቲ ደብተርሽን ስጪኝ" አልኳት።

እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለተማርኩ ማንበብ አያቅተኝም። የሥዕል ትምህርቱ ቃላት በቀይ ተጽፈዋል፤ ትርጉማቸው ከጎናቸው አለ። አንዳንዶቹን የማውቃቸው መስሎኝ ነበር። "ቃና" ይላል። ቃና ለእኔ ጌታ ውሃውን የወይን ጠጅ ያደረገባት ናት፤ አለዚያም የጠላ ጣዕም ነው። በደብተሩ ግን የአንድ ቀለም መድመቅና መፍዘዝ ሆኖ አገኘሁት። ቀጥሎ "ረቂቅ ሥዕል" ይላል። እኔ ረቂቅ ሲባል የማውቀው መላእክትን ነው፣ ነፍስን ነው፤ በዓይን የማይታየውን።

"የማይታየውን እንዴት አድርገው ይሥሉታል?" ብዬ ጠየቅኋት።

"እሱን እኛም አስተማሪውን ጠይቀነዋል" ብላ ሳቀች።

"ዳራ" የሚለውን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ከዋናው ነገር ኋላ ያለው ነው አለችኝ። እኔ ብሣል ዋናው እኔ ነኝ፤ ከኋላዬ ያለው ግድግዳ ዳራ ነው። ደስ አለኝ። ዕድሜ ልኬን ሳየው የኖርኩት ነገር ስም እንዳለው ሳውቅ፣ ያን ስም ያወጣለትን ሰው አመሰግናለሁ። ሌላው "የትኩረት ነጥብ" ነው፤ ዓይን ቀድሞ የሚሄድበት ቦታ።

"እኛ እኮ ስንሰፋ ይህን እንላለን" አልኳት። "አለላው በልክ ሲገባ 'ዓይን ያሳርፋል' ይባላል። ቀይ፣ አረንጓዴው ያለ ልክ ከተጨናነቀ 'ዓይን አያሳርፍም' ብለን እንፈታዋለን።"

ደብተሯን ከእጄ ወስዳ "ዓይን ያሳርፋል" ብላ ጻፈች። በቀይ።

"ሂስ" የሚለውን ለመጨረሻ አስቀርቼው ነበር። "የአንድን ሥራ ጥንካሬና ድክመት በምክንያት ማስረዳት" ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

"ጥንካሬው ይቀድማል?"

"ይቀድማል።"

የአባቴን ጥንካሬ የተናገረ ሰው አልነበረም።

"ሐሙስ ልምጣ?" አልኳት።

"የት?"

"ሂሱ ላይ።"

"እማ! ወላጅ የሚጠራበት እኮ ያጠፋ ተማሪ ነው!" ካለች በኋላ ግን መግባት ለሰው ሁሉ ክፍት መሆኑን ነገረችኝ። ለሂሱ የሣለችው የእኔን እጆች ነው። ከአንድ ወር በፊት ስሰፋ ፎቶ አንሥታኝ ነበር፤ ከዚያ ላይ አይታ ነው የሣለችው። የስልኳ የኋላ ካሜራ ወድቆ ተሰንጥቆ ስለነበር፣ ሰው ራሱን በሚያነሣበት በፊተኛው ነው ያነሣችኝ። ሥዕሉን ግን አላየሁትም።

ሐሙስ ጠዋት በሚኒባስ ማርቆስ ገባሁ። ልጄ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። ከበሩ በላይ "ዓውደ ርእይ" ተብሎ ተጽፏል። አውድማ ትዝ አለኝ፤ ምርቱ ከገለባው የሚለይበት። ይህን አልነገርኳትም፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

ሥዕሎቹ በግድግዳው ዙሪያ ቆመዋል፤ ሃያ ያህል ይሆናሉ። አምስቱ ተመርጠው ለከተማው ሰው ይታያሉ ተባለ። አስተማሪው በእኔ ዕድሜ ያለ፣ መነጽር ያደረገ ሰው ነው። ሲጀምር አንድ ሕግ ተናገረ፤ "'አንተ' ወይም 'አንቺ' አይባልም። 'ሥዕሉ' ይባላል። የምናየው ሥዕሉን ነው።"

ይህን ስሰማ ነጠላዬን አስተካክዬ ቀና አልኩ።

የመጀመሪያው ሥዕል በውሃ ቀለም የተሠራ የደጀን መንገድ ነው፤ ፈዘዝ ብሏል። አንዱ ተማሪ፣ "ሥዕሉ ርቀትን በደንብ ያሳያል። ግን ጾመኛ ነው፤ ቅባት የለውም" አለ። ሁሉም ሳቀ፤ የሣለውም ልጅ ሳቀ። "ቃናው ይድመቅ ለማለት ነው?" ብሎ ጠየቀና ጻፈ። ማንም አንገቱን አልደፋም። ቀጥሎ ረቂቁ መጣ፤ ሦስት ቀለም ብቻ፣ ቅርጽ የለውም። ብዙ ቆሜ አየሁት። አልገባኝም፤ ዓይኔን ግን ያሳርፈው ነበር።

ከዚያ የልጄ ሆነ።

እጆቼ ናቸው። ጅማቱ፣ የጥፍሬ ስንጥቅ፣ የነጠላዬ ጥለት ሳይቀር አለ። የሙዳዩ አለላ በልክ ገብቷል። እኔ እጆቼን እንዲህ አድርጌ አይቻቸው አላውቅም። "ተመስገን" አልኩ በሆዴ። ወዲያው ግን አንድ ነገር ታየኝ፤ ካየሁት በኋላም ሌላ ነገር ማየት አቃተኝ።

ተማሪዎቹ መናገር ጀመሩ።

"ሥዕሉ እውነተኛ ነው፤ ጥለቱን ቢነኩት ይለሰልሳል።"

"ብርሃኑ ከአንድ ወገን መምጣቱ ጥሩ ነው። ዳራው ግን ጨልሟል፤ ቤት ይሁን ዋሻ አይታወቅም።"

"የእኛ ቤት እኮ ዋሻ ነው" አለች ልጄ፤ ሰው ሳቀ። የተባለውን ሁሉ ትጽፋለች።

አስተማሪው ራሱን እየነቀነቀ፣ "ከአምስቱ አንዱ ይመስለኛል" አለ። ልጄ ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ በራ። ያን ጊዜ አስተማሪው ነገሩ ገባውና፣ "እናቴ፣ እጆቹ የእርስዎ አይደሉም? እርስዎስ ምን አዩ?" አለኝ።

ሁሉም ዞሩ። የአባቴ አበልጅ ታየኝ። እሱም እንዲህ ከሰው መሐል ተነሥቶ ነው የተናገረው። "ቆንጆ ነው" ብዬ ብተወው ማንም አያውቅም። ነገር ግን ሥዕሉ ለከተማው ሰው ከታየ፣ ከሚያዩት ሴቶች ስፌት የምታውቅ አትጠፋም።

"ጥንካሬው እጆቼ መሆናቸው ነው" አልኩ። "አውቄያቸዋለሁ። ነገር ግን መምህር... ሥዕሉ ግራኝ ነው።"

"ግራኝ?"

"ወስፌውን የያዘው ግራ እጅ ነው። እኔ በቀኝ ነው የምሰፋው። ወስፌ የወጋኝ ጠባሳ ያለውም በግራ አውራ ጣቴ ነው፤ ሥዕሉ ላይ በቀኙ ሆኗል።" ሁለቱን እጆቼን ዘርግቼ አሳየሁ።

ልጄ ሥዕሉን አየች፤ እጆቼን አየች፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"ስልኩ! የፊት ካሜራው ነው፤ እንደ መስታወት ገልብጦታል!"

ያ ሥዕሉ ጾመኛ የተባለበት ልጅ፣ "እኛ ስለ ብርሃንና ጥላ ስንከራከር እናታችን ቀኝና ግራ ለዩልን" አለ። ሳቁ በረታ። እኔ አልሳቅሁም። አስተማሪው መነጽሩን አውልቆ እንደገና አየው። "ሥዕሉ ጥሩ ነው" አለ። "ግን ይታረም። ለዛሬው ምርጫ አይደርስም፤ ለሚቀጥለው ይምጣ።"

አምስቱ ሲጠሩ የልጄ የለበትም።

የምትመጣበት ሳምንት ባይሆንም አብራኝ ወደ ቤት ልትመጣ ወደ መናኸሪያ ሄድን። ሚኒባስ ውስጥ አጠገቧ ተቀምጬ ጸሎት አደርግ ነበር። በልጄ ላይ አበልጅ ሆንኩባት ብዬ አዘንኩ። ደብተሯ ጉልበቷ ላይ ነው፤ የፎርሙ ጫፍ ከመሐሉ ወጥቶ ይታየኛል።

ወርደን ወደ ቤት ስንሄድ ቆም አለች።

"መቼ ነው ያየሽው?"

"ገና ከመቆሜ።"

"እና እስኪጠይቅሽ ዝም አልሽ?"

"ፈራሁ።"

ትኩር ብላ አየችኝ። ከዚያ ከንፈሯን ነክሳ፣ ድምፅዋን እንደ ስብሰባ ሰብሳቢ አጎርንና፣ "በይ ግለ ሂስሽን አውርጂ!" አለችኝ።

ይህን ቃል ሰምቼ እስቃለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። መንገድ ላይ ቆመን ሳቅን። ከብት የሚነዳ ሰውዬ አልፎን፣ "ምን አገኛችሁ?" ብሎ ጠየቀ፤ ይብሱን ሳቅን።

ቤት እንደገባን ሙዳዩን አመጣችልኝና በሩ አጠገብ፣ ብርሃን ባለበት አስቀመጠችኝ። ስልኳን አላወጣችም። ፊት ለፊቴ በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

"ወስፌውን ያዢ። በቀኝ! ... አዎ። እንዲሁ ሁኚ።"

አባቷ ከደጅ ብቅ ብሎ፣ "ሂሱ እንዴት ሆነ?" አለ።

"ይታረም ተባለ" አለችው፤ ዓይኗን ከእጄ ሳታነሣ።

የሚሣልበት ወረቀት ፈለገች። ደብተሩ ሞልቷል። ከመሐሉ ፎርሙን መዘዘች፣ ገለበጠችው፣ ጉልበቷ ላይ አስተካክላ ባዶውን ጀርባውን ወደ ላይ አደረገች። ከአውራ ጣቴ ጀመረች። ከግራው፣ ጠባሳው ካለበት።

እኔም ሳልንቀሳቀስ ተቀመጥኩላት።