ሻርክ የነከሰው ከመነዳሪ

ከሳጉሬ እስከ ሁሩታ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ሲሬ ድረስ ባለው አገር፣ ከሻርክ ጋር ዓይን ለዓይን ተያይቶ ሻርኩን አሳፍሮ የመለሰ ሰው አንድ እኔ ብቻ ነኝ። የሚክድ ካለ መጥቶ ይከራከረኝ። ጎሚስታ ቤቴ አሰላ መውጫው ላይ ነው፤ ለተከራካሪ የሚሆን አግዳሚ ወንበርም አለኝ።

እርግጥ ነው፣ በጠቀስኩት አገር ውስጥ ባሕር የለም። ስለዚህ ፉክክሩ ያን ያህል የበረታ አልነበረም። ለእኛ ለደገኞቹ ጥልቅ ውሃ ማለት ክረምት ላይ የሞላ ወንዝ ነው፤ እሱንም በፈረስ ተቀምጠን፣ እግራችንን ወደ ላይ ሰብስበን ነው የምንሻገረው። እኔ ቤት ያለው ትልቁ ውሃ ደግሞ ለሁለት የተቆረጠ በርሜል ነው። የሚተነፍስ ከመነዳሪ ከጎማው አውጥተን እዚያ እንነክራለን፤ አረፋው የወጣበት ቦታ ቀዳዳው ነው።

ከበርሜሉ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ አንድ የከባድ መኪና ከመነዳሪ ተሰቅሏል። ጎኑ ላይ መዳፍ የሚያክል ልጥፍ አለው። ደንበኛ ተሳስቶ “ይሄ ለምን ተሰቀለ?” ካለ ጎማው ቢያልቅለትም ወሬው አያልቅለትም። “የሻርክ ጥርስ ነው” እለውና ከመጀመሪያው እጀምርለታለሁ።

ሹፌር ሳለሁ ከጅቡቲ ወደብ ማዳበሪያ እጭን ነበር። ወረፋ ሲበዛ አሥር ቀን ከመኪናው ሥር ተኝተን እንከርማለን። ፀሐዩ ብረት ያቀልጣል። (እንዲያውም አንድ ጊዜ መፍቻዬ ቀልጦብኛል፤ ይሄን ግን ለሌላ ደንበኛ ነው የማወራው።) በእንደዚያ ያለ ወረፋ መሃል ነው ከአንድ ዓሣ አጥማጅ ጋር ጦር ይዤ ባሕር የገባሁት፤ ሻርኩም የመጣው።

ታሪኩ እንደ ከብት ነው፤ ሲቀልቡት ያድጋል። በመጀመሪያው ዓመት ሻርኩ አየኝና ዞር ብሎ ሄደ። በሁለተኛው ዓመት አፍንጫውን በቡጢ መታሁት። በአምስተኛው ዓመት ይቅርታ ጠይቆኝ ሄደ ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ምንም ያልጨመርኩበት አንድ ነገር ቢኖር ርዝመቱ ነው። “ተሳቢ ያክላል፤ ጀርባው እንደ ጅግራ ነጠብጣብ አለው” አልኩ፤ ዘንድሮም የምለው ይሄንኑ ነው። ሰው ደግሞ ጉደኛ ነው፤ ቡጢዬን ያመነ ሁሉ ርዝመቱን አላምንም አለ።

አግዳሚዬ ላይ በየቀኑ የማይጠፉ ሁለት ሰዎች አሉ። አንዱ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ የወንጌል አማኝ፣ ውሸት ከሰይጣን ነው የሚሉ፣ ነገር ግን የእኔ ውሸት አንድ ቀን እንዳያመልጣቸው ማልደው የሚመጡ። ሁለተኛው በሳጉሬ መስመር የሚሠራ የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ ተራው እስኪደርስ እኔ ላይ ነው የሚስቀው።

“ቡጢውን እሺ እንቀበልህ” ይላሉ መምህሩ፤ “ከርዝመቱ ላይ ግን ስለ እግዚአብሔር አንድ አምስት ሜትር ቀንስልን።”

“ጋሼ፣ እርስዎ የተማሪ ማርክ ሲቀንሱ ኖረው የሻርክ ርዝመትም ሊቀንሱ?”

ሚኒባስ ሹፌሩ ክርክር አይወድም። በኦሮምኛው አንዲት ቃል ይወረውራል። “ሶባ!” ውሸት፣ ማለቱ ነው።

ሴት ልጄ ያደገችው በዚህ ታሪክ ነው። በእኛ አገር ጅብ መንገድ ላይ ያጋጠመው ሰው ምን እንደሚያደርግ ሕፃኑም ያውቃል። አትሮጥም፣ አትወድቅም፣ ጀርባህን አትሰጥም፤ ዱላህን ጨብጠህ፣ ድምፅህን አጎልብተህ ትሄድበታለህ። ጅብ የሚደፍረው የሚሸሸውን ነው። እኔም የደጋውን ሕግ ወስጄ ለባሕር አስተማርኩበት። “ሻርክ ማለት የባሕር ጅብ ነው” አልኳት። “ሲመጣብሽ ሂጂበት! አፍንጫውን በቡጢ!” እሷም ትራሷን ይዛ ስትደበድበው እናቷ “ልጅቷን አሳበድካት፣ አንተ ሰውዬ” ትለኝ ነበር። ምን ቸገረኝ? አሰላ ላይ ሻርክ ከየት ይመጣል?

ሻርኩ ወደ አሰላ አልመጣም። ልጅቷ ሄደችበት።

ተመርቃ ጅቡቲ አንድ የዕቃ አስተላላፊ ቢሮ ውስጥ ሥራ አገኘች። ባለፈው ኅዳር፣ ረቡዕ ጠዋት ደወለች። እጄ ማስቲሽ ስለነበር ስልኩን በክርኔ ነካሁና ድምፁን ለአግዳሚው ሁሉ ለቀቅኩት።

“አባዬ! ዓርብ ልንዋኝ ነው! ከቢሮ ልጆች ጋር ጀልባ ተከራየን። ዓሣ በጦር ልንወጋ!”

“ጎሽ! የአባትሽ ልጅ!”

“ሻርክ አለ ብለው ልጆቹ ፈርተዋል። እኔ ግን ምን አልኳቸው መሰለህ? ‘አባቴ አስተምሮኛል፤ ከመጣ እሄድበታለሁ’ አልኳቸው።”

ሚኒባስ ሹፌሩ ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። መምህሩም ፈገግ አሉ። እኔ ግን ጣቴ ላይ ማስቲሹ ሲደርቅ ይሰማኝ ነበር።

ልጅቷ ዋና ትችላለች፤ ችግሩ እሱ ነው። ላንጋኖ ሐይቅ ላይ ተምራ እንደ ዳክዬ ነው የምትንሳፈፈው። ባትችል ኖሮ ውሸቴም እሷም ጀልባው ላይ ቁጭ ብለው ይመለሱ ነበር። እሷ ግን ትገባለች፤ ሻርክ ካየች ደግሞ እንዳለችው ትሄድበታለች። “አትሂጂ” ብላትም አትሰማም፤ ግትርነቷን ከማን እንደወረሰች አልናገርም።

ድምፁን ልዘጋው እጄን ዘረጋሁ። ሁለቱም አዩኝ። ከዚያ እልህ ያዘኝ። ይስሙ! እነዚህን ሁለት ሰዎች ለዓመታት በነፃ አዝናንቻለሁ፤ አንድ ቀን ደግሞ በእኔ ይዝናኑ።

“ስሚኝ ልጄ። አትሂጂበት።”

“ምን?”

“ሻርክ ላይ አትሂጂበት። እኔም አልሄድኩበትም።”

ከመንገዱ ማዶ እህል የጫነ ጋሪ ሲንቋቋ ይሰማል።

“ቡጢውስ?” አለች።

“ቡጢ የለም።”

“ሶባ!” አለ ሚኒባስ ሹፌሩ፤ ልማድ ሆኖበት።

“ዝም በል አንተ! እውነት ስናገር መጀመሪያዬ ነው፤ አታደናግረኝ!”

ያኔ ባሕር ያስገባኝ ሽማግሌ የአፋር ሰው ነበር። አማርኛውን ከሹፌሮች ስለለመደ አብዛኛው ስድብ ነው። ከመግባቴ በፊት ጀልባው ጠርዝ ላይ አስቀምጦ የነገረኝን እንዳለ አወጣሁት፤ ባለፉት ዓመታት ሁሉ ለቡጢው ስል ቀብሬው የኖርኩትን።

“‘አንተ ደገኛ፣ ስማ’ አለኝ። ‘ሻርክ ካየህ አትንፈራገጥ፤ የሚንፈራገጥ ነገር የቆሰለ ዓሣ ይመስለዋል። ዓይንህን ከእሱ አትንቀል፤ እሱ ሲዞርህ አንተም አብረህ ዙር። ፊትህን እንደሰጠኸው ቀስ እያልክ ወደ ጀልባው ተመለስ። የወጋኸውን ዓሣ ከፈለገ ተውለት፤ ቤቱ ነው፣ አንተ እንግዳ ነህ። ጦሩን አትወርውርበት፤ በመሃላችሁ ዘርጋው። ቡጢ ሌላው ሁሉ ሲያልቅ ነው፤ ያኔም አንተ አልቀሃል።’ እንዲህ ነው ያለኝ።”

“ደም የሚፈሰው ዓሣስ?” አሉ መምህሩ በድንገት። “የወጉትን የት ነው የሚያደርጉት?”

“ወገብሽ ላይ እንዳታስሪው ልጄ! ወዲያው ጀልባው ላይ ጣይው። ብቻሽንም እንዳትገቢ፤ ሁለት ሆናችሁ፣ አንዱ ሌላውን እያየ።”

“ድገሚው እስቲ፣ ልጄ” አሉ መምህሩ። ጡረታቸውን ረስተው ቆመዋል። “አንደኛ?”

እሷም ከጅቡቲ ሆና እንደ ክፍል ተማሪ አንድ በአንድ አለችላቸው። ሁለት ጊዜ አስደገሟት። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰችና፣

“አባዬ፣ ታዲያ አንተ ምን አደረግክ?”

“ደርቄ ቀረሁ።”

“ደህና አደረግሃ! ሽማግሌው ያለህ እሱን አይደል?”

“የደረቅኩት ምክር ሰምቼ አይደለም፤ ፈርቼ ነው።”

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሳቁ ሌላ ነገር ነበር። ሚኒባስ ሹፌሩ እንባውን በእጅጌው እየጠረገ፣ “ይሄን ሁሉ ዓመት ባዶ ቡጢ አበላኸን!” አለ።

“ሳቅ!” አልኩት። “እስኪበቃህ ሳቅ! ግን ከመሃላችሁ እግሩን ጨው ውሃ ውስጥ የነከረ ማነው? አንተ ዝናብ ሲያካፋ መስኮት የምትዘጋ ሰው! ፈርቻለሁ፤ አዎ። ፈርቼም ገብቻለሁ። ደገኛ ባሕር አይገባም የሚል ሕግ ያወጣ ካለ ፊርማውን አሳዩኝ!”

ፊርማውን ያሳየኝ የለም።

ዓርብ ሥራ አልሆነልኝም። አንዱን ከመነዳሪ ሦስት ጊዜ ነከርኩት፤ ሦስት ጊዜም አረፋውን ሳላየው አወጣሁት። ባለቤቱ “የእኔ ጎማ ጥምቀት ላይ ነው እንዴ?” አለኝ። ስድብ ይመጣልኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን ስልኬን ነበር የማየው። መምህሩ አግዳሚው ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ሚኒባስ ሹፌሩ ተራው ደርሶ ተጠራ፤ ለኋለኛው ለቀቀለትና እንደተቀመጠ ቀረ። በዝናብም በልቅሶም ተራውን ሲለቅ አይቼው አላውቅም።

ስልኩ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ጮኸ። እጄ ንጹሕ ነበር፤ ግን ድምፁን ለሁሉም ለቀቅኩት።

“አባዬ! አየሁት!”

“ደህና ነሽ? እጅሽ? እግርሽ?”

“ሁሉም አለ! አባዬ፣ ተሳቢ ያክላል! ጀርባው ጅግራ ነው፣ ልክ እንዳልከው! ከሥሬ መጣ። አልተንፈራገጥኩም። ዓይኔን ሳልነቅል ቀስ ብዬ ወደ ጀልባው ተመለስኩ። እሱም አልፎኝ ሄደ።”

እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። ካልኩ በኋላ ደግሞ ተነሥቼ ቆምኩ፤ እኔ ሰው ነኝ።

“ርዝመቱ! ሰማችሁ? ጋሼ፣ አምስቱን ሜትር ይመልሱልኝ!”

“መልሻለሁ” አሉ መምህሩ።

ሚኒባስ ሹፌሩ ወደ መሬት እያየ “ዱጋ” አለ። እውነት፣ ማለቱ ነው። ይህችን ቃል ከእሱ አፍ ለማውጣት ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

እዚያ ላይ ስልኩን ብዘጋው ኖሮ ይህ ታሪክ ያማረ ነበር። አልዘጋሁትም።

“ባለጀልባው ግን ሳቀብን” አለች ልጄ። “ነጠብጣባሙ ሰው አይነካም አለን። ሌሎቹን ተጠንቀቁ፣ ያደረግሽው ለእነሱ ነው የሚጠቅመው፤ ይሄኛው ግን አፉን ከፍቶ በዓይን የማይታይ ነገር ከውሃው እያጠለለ ነው የሚኖረው አለ። ጥርሱ የጤፍ ፍሬ ቢያክል ነው።”

“የጤፍ ፍሬ” አሉ መምህሩ ቀስ ብለው።

ቀና አሉ። ግድግዳውን አዩ። ከመነዳሪውን አዩ። መዳፍ የሚያክለውን ልጥፍ አዩ። ሚኒባስ ሹፌሩም ዓይናቸውን ተከትሎ እዚያው ደረሰ።

“ታዲያ ይሄን ማን ነከሰው?” አለ።

“አባዬ?” አለች ልጄ ከስልኩ ውስጥ። “እውነት፣ ከመነዳሪውንስ?”

ሦስት መልስ ነበረኝ፤ ሦስቱም ያምሩ ነበር። በአንዱ ውስጥ ሁለተኛ ሻርክ አለ። ግን ልጅቷ በሚመጣው ዓርብም ልትገባ ነው፤ በእኔ ምላስ የተፈለፈለ ሁለተኛ ሻርክ ይዛ እንድትገባ አልፈለግኩም።

ከመነዳሪው ዛሬም ከግድግዳው አልወረደም፤ አይወርድምም። የሳቀ ይሳቅ። ለምን ተሰቀለ ብሎ የሚጠይቀኝን ደንበኛ አሁንም ሳልነግረው አልለቀውም፤ የምነግረው ግን ያን ዕለት ለሦስቱ የነገርኳቸውን ነው። ዋና አልችልም። ያኔም አልችልም ነበር፤ ዛሬም አልችልም። ባሕሩ ውስጥ የገባሁት የመኪናዬን ከመነዳሪ ወገቤ ላይ አጥልቄ፣ በሸራ ገመድ ከጀልባው ጋር እንደ ጥጃ ታስሬ ነው። ያ ባለጤፍ ጥርስ ሻርክ ከሥሬ ብቅ ሲል ጦሩን በመሃላችን ልዘረጋ ብዬ የገዛ ከመነዳሪዬን ወጋሁትና ደርቄ ቀረሁ። ሽማግሌው በገመዱ ጎትቶ ሲያወጣኝ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። በዕድሜዬ በጦር ወግቼ ያገኘሁት ነገር ያ ከመነዳሪ ብቻ ነው።