በዓይኔ ያላየሁት ዓሣ ነባሪ

ይህን ነገር እስከዚህ ክረምት ድረስ ለባሌም፣ ለእናቴም፣ አብረውኝ ባሕር ለሚወርዱትም ተንፍሼው አላውቅም ነበር። ለእናንተ የምናገረው እንድታዝኑልኝ አይደለም።

የከሚሴ ልጅ ነኝ፤ ሥራዬ ዓሣ ነባሪ ማጥናት ነው። ሳቁ፣ ግድ የለም፤ ከሚሴም ስቃብኛለች። "ቦርከና ወንዝ ውስጥ ነው የምትፈልጊው?" ያላለኝ የባጃጅ ሾፌር የለም። እኔ ግን በጅቡቲ በኩል ባሕር እየወረድኩ፣ ውኃ ውስጥ በሚገባ ማይክራፎን ድምፃቸውን እቀዳለሁ። በየክረምቱ ደግሞ አገሬ ገብቼ በአማርኛም በኦሮምኛም አስተምራለሁ፤ ትምህርት ቤት፣ አዳራሽ፣ ባቲ ገበያ ዳር። ዓሣ ነባሪ ዓሣ አይደለችም፣ አየር ትተነፍሳለች፣ ልጇን ታጠባለች ስላቸው የአፋር አርብቶ አደሮች "ታዲያ ማን ያልባታል?" ይሉኛል። ይህን ሥራ እችልበታለሁ፤ በዚህ በኩል ትሕትና አላበዛም። ያጠፋሁትም አቅቶኝ አይደለም። ስለምችልበት ነው።

ከብዙ ዓመታት በፊት በአንዱ ክረምት የከሚሴው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቷል። መሐል ላይ አንድ ሽማግሌ ተነሡና "ኧረ ለመሆኑ ልጄ፣ ይህ እንስሳ ለሰው ምን ይሠራለታል?" አሉ። አዳራሹ ሳቀ፤ ከኋላ የነበሩት መውጣት ጀመሩ። ሰው ከእጄ ሲያመልጠኝ አልወድም። ዓሣ ነባሪ አየር እንዲስብ ብላ ግልገሏን ከሥር ገፍታ ወደ ላይ ታወጣዋለች አልኩ። ይህ እውነት ነው። እዚህ ላይ ባቆምስ ምን ነበረበት? አላቆምኩም። "ሰውም ሲሰጥም እንዲሁ ተሸክማ ዳር ታደርሳለች፤ በዓይኔ አይቻለሁ!" አልኩ።

በዓይኔ! የቱ ዓይኔ? አላየሁም። ያየ ሰውም አላውቅም። አዳራሹ "ሱብሃነላህ!" አለ፤ የወጡት ተመለሱ። እኔም፣ አልዋሻችሁም፣ በጣም ደስ አለኝ።

ከፊት የሠፈራችን ሴት እትዬ ዘሃራ ተቀምጠው ነበር። ልጃቸው ሰኢድ እንደ ብዙ የአገራችን ወጣቶች ሳዑዲ እሻገራለሁ ብሎ በባቲ ወርዶ፣ ከጅቡቲ ዳርቻ በጀልባ ተነሥቶ ነበር። ጀልባዋ መስጠሟን፣ ሰኢድም አብሮ መስጠሙን የተረፈ ጓደኛው ደውሎ ተናግሯል። ቤተሰቡ እርሙን ሊያወጣ፣ ሰላት ሊሰገድለትና ሰደቃ ሊወጣለት ዓርብ ተቆርጧል። እናትየውን ደግፈው ያመጧቸው ጥቂት ሐሳባቸውን ቢያስረሳቸው ብለው ነው። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። እዚያች ቅጽበት ላይ ግን የታየኝ ወደ በሩ የሚሄደው ሰው ብቻ ነው።

ሲያልቅ መጥተው እጄን ጭብጥ አድርገው ያዙኝ። "ዱጉማ? እውነትሽን ነው? በዓይንሽ አይተሻል?"

ሰው ከቦናል። "አዎ፣ እትዬ" አልኩ።

የመጀመሪያው በወሬ ሙቀት አመለጠኝ ልበል። ሁለተኛውስ? እጄን ይዘው እየጠየቁኝ ሁለተኛውን ማን አስገደደኝ? ማንም።

ዓርብ ሰደቃው ቀረ። እትዬ ዘሃራ "ልጄ አልሞተም፤ ዶክተሯ አይታለች" አሉ። ባሏ ሞቷል ያልተባለላት ሴት ደግሞ ባል የሞተባት የምትጠብቀውን ወራት፣ ዒዳን፣ አትቆጥርም፤ ሌላም አታገባም። የሰኢድ ሚስት ሉባባ ገና አንድ ፍሬ ልጅ ነበረች። የሰኢድን ጀለቢያ ለየዒዱ እያጠበችና እየተኮሰች ከአማቷ ጋር ቀረች። እኔስ? በየክረምቱ እየመጣሁ ይህን አየሁ። እትዬ ዘሃራ ሐሙስ ሐሙስ ዱዓ ሲያደርጉ ስሜን እየጠሩ ይመርቁኛል፤ እኔም "አሚን" እላለሁ። ሰዎች "ያን ቤት በተስፋ ያቆምሽው አንቺ ነሽ" ሲሉኝም ፈገግ እላለሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ዘንድሮ ሉባባ ፀጉር ላይ ሽበት አየሁ። እኛ ዘንድ የሰው ሐቅ ባለቤቱ አውፍ ብሎ ይቅር ካላለ፣ አላህን በመለመን፣ በተውባ ብቻ አይነሣም ይባላል። እትዬ ዘሃራ ለከሰዓት በኋላው የአስር ሰላት ገብተው ሳለ ሉባባን ግቢው ውስጥ ልብስ ስታሰጣ አገኘኋት።

"ሉባባ፣ ያን ቀን አይቻለሁ ያልኩትን አላየሁም።"

ማስጣቷን አላቋረጠችም። "አውቃለሁ። ያኔውኑ አላመንኩሽም። ግን አንቺ የተማርሽው 'አይቻለሁ' ካልሽ፣ እኔ ማን ነኝና 'ሞቷል' እላለሁ? ሌላ ባል አማራት አይሉኝም?"

"አውፍ በይኝ" አልኳት።

"እሱ ይቆይሽ። ሰኢድ ከተሰገደለት በኋላ ጠይቂኝ።"

እትዬ ዘሃራ ሰግደው ወጡ፤ እንደ ልማዳቸው ሊመርቁኝ እጃቸውን ዘረጉ። "አይመርቁኝ፣ እትዬ። አላየሁም። ዋሽቼዎት ነው" አልኩ። የዘረጉትን እጃቸውን ሰበሰቡ። አልሰደቡኝም፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወደ ምራታቸው ዞረው "ሉባባ፣ ሰው ጥሪ" አሉና መሬት ላይ ተቀመጡ።

ለሰኢድ ተሰገደለት፤ ለቅሶው ላይ ቆየሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ "አላየሁም፤ ዋሽቼ ነው" አልኩ። በዚያው አዳራሽም ቆሜ ይህንኑ ተናገርኩ። ስለ ዓሣ ነባሪ ማስተማሬን አልተውም፤ የእኔን ውሸት የሚያስፈልጋት ፍጥረት አይደለችም። ሸይጧን አሳሳተኝም አልልም፤ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ቃዲው የሰኢድን ሞት ከፈረዱ ወዲህ ሉባባ ዒዳዋን እየቆጠረች ነው። አውፍ በይኝ ብዬ ዳግመኛ አልጠየቅኋትም። ያባከንኩት የእሷን ዕድሜ ነው፤ አውፍ ብትለኝም ባትለኝም መብቷ ነው።